የአጎቴን ካርቶኖች ምን ላድርጋቸው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ወረቀት ነው የሚጠይቁት። ዕድሜዬን ቤተ መዛግብት ውስጥ የፈጀሁ ሰው ነኝና አልከፋኝም። አንዷን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ሌሎቹን እንደ ጉዳያቸው። ዓ.ም. ስል የእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀረው ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አጎቴ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጉራጌ ቋንቋዎችን ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ክፍል ሙሉ ካርቶን ትተዋል። ትናንሽ ካርዶች አሉ፣ በላስቲክ የታሰሩ። ደብተሮች አሉ። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች አሉ። በታይፕ የተመታ ያላለቀ የመዝገበ ቃላት ረቂቅም አለ። ቤተሰቡ «ረቂቁን እናስቀምጥ፣ ሌላው ቆሻሻ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ቢያንስ ካርዶቹን በፊደል ተራ ላስተካክላቸው ብዬ ጀምሬያለሁ። ምን ይመክሩኛል? (ስሜ እንዳይወጣ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ሌላ ነገር ከማውራታችን በፊት ግን እጅሽን ከካርዶቹ ላይ አንሺ።

ቁጣ አይደለም። በፊደል ተራ መደርደር ደግ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን አጎትሽ የፊደል ተራ ጠፍቷቸው አይደለም እንዲያ የተዉት። ላስቲኩን ያሰሩት በምክንያት ነው። አንዱ እስር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠው ያመሹበት ምሽት ሊሆን ይችላል። ሌላው ሁለት አገር ለየብቻ የሚጠራቸው ቃላት ይሆናል። ወይም ደግሞ «እነዚህን ገና አላመንኳቸውም» ብለው ለይተው ያቆዩት ነው። ካርዶቹን ሳይፈታ የተቀመጠ ሰው ምክንያቱን ሊደርስበት ይችላል። ከተፈቱ ግን አለቀ። በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ወረቀቱ ባለቤቱ በተወበት ተራ ይቆይ። የነካሻቸውን ከየት እንዳነሳሻቸው ካስታወስሽ መልሻቸው። ካላስታወስሽ ለብቻ አድርጊያቸውና «እኔ ያነሳኋቸው» ብለሽ በእርሳስ ጻፊ።

ተራ ራሱ ዕውቀት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ይናደዳል። በሀለሐመ የለመደው ቃሉን ሲፈልግ ያጣዋል። መጽሐፉ የሚሄደው በአበገደ፣ ማለትም በ«አ፣ በ፣ ገ፣ ደ» ተራ ነው። አለቃ ይህን ተራ የመረጡት አስበውበት ነው፤ ስለ ፊደል ያላቸውን አቋም ተሸክሟል። አንድ ቅን ልጅ ረቂቁን አግኝቶ «ላስተካክልላቸው» ብሎ በሀለሐመ ገልብጦት ቢሆን ኖሮ የሰውየው አቋም አብሮ በጠፋ ነበር።

ይህን መጽሐፍ ካነሳሁ አይቀር ቤተሰብሽ አንድ ነገር ይስማልኝ። ያላለቀ ወረቀት ነው «ቆሻሻ» የምትሉት። ያ መዝገበ ቃላት ራሱ ሁለት ጊዜ ያላለቀ ወረቀት ነበር። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት። ኢየሩሳሌም ውስጥ ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ ተዉላቸው። ኪዳነ ወልድ አስፋፍተውት፣ ሳይታተም ዐረፉ። ከዚያ ደስታ ተክለ ወልድ እጅ ገባ። እሳቸው ናቸው በ1948 ዓ.ም. ለንባብ ያበቁት። ደስታ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። ክፍለ ጊዮርጊስ ደግሞ ጣሊያናዊውን ኢኛትሲዮ ጉዊዲን የረዱት ሊቅ ናቸው፤ በ1901 በወጣው የጉዊዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ዕውቀታቸው አለበት። እንግዲህ ከሦስቱ በአንዱ ቤት «ያላለቀ ነው» ብሎ ምድጃ ውስጥ የሚከት ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ ዛሬ በእጃችን ምን ይኖር ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ረቂቁ ብቻ ለምን አይበቃም?

ረቂቅ የተጣራ ነገር ነው። ሲጣራ መጀመሪያ የሚወጣው የሰው ስም ነው። ካርዱ ጥግ ላይ ሁለት ፊደል፣ አንድ ቀን፣ አንድ የቦታ ስም ተጽፎ ታያለሽ። ያ ማለት ይህን ቃል ይህ ሰው፣ በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ ነገረኝ ማለት ነው። ወደ ታይፕ ሲሄድ ቃሉ ይተላለፋል፤ ተናጋሪው ይቀራል። የቋንቋ ሊቅ ወረቀት የአንድ ሰው ሀብት ይመስላል እንጂ አብዛኛው የሌሎች ሰዎች ድምፅ ነው። እኔ በበኩሌ ከረቂቅና ከካርድ አንዱን ምረጥ ብባል ካርዱን ነው የማነሳው። ባልደረቦቼ በዚህ ይጣሉኝ ነበር።

ጆን ፒቦዲ ሃሪንግተን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ1884 ተወልዶ በ1961 ሞተ። ከ1915 እስከ 1954 የስሚዝሶንያን ተቋም አካል በሆነው በአሜሪካ ኢትኖሎጂ ቢሮ ተቀጥሮ ሠራ። ሥራው ሊጠፉ የተቃረቡ የነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች መመዝገብ ነበር፤ በተለይ የካሊፎርኒያን። ጆሮው ድንቅ ነበር ይባላል። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። የሙያ ባልደረቦቹን ይጠረጥር ነበር። ያገኘውን አያሳይም። የት እንዳለ ለማንም እንዳይናገሩ ረዳቶቹን ያስጠነቅቃል። ቀድሞ ሚስቱ የነበረችው ካሮቤዝ ሌርድ በ1975 ስለ እሱ ትዝታዋን አሳትማለች፤ አታሞካሸውም።

የጻፈውን ያህል አላሳተመም፤ ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ከሞተ በኋላ ካርቶኖቹ ከየመጋዘኑ፣ ከየጋራዡ፣ ከየሰው ቤት ይለቀሙ ጀመር። ከማስታወሻው መሐል የቆሸሸ ልብስና ተበልቶ ያላለቀ ሳንድዊች ሳይቀር ወጣ ይባላል። በመጨረሻ ወደ አንድ ሚሊዮን ገጽ የሚጠጋ ሆነ፤ ከ90 በላይ ቋንቋዎች። ወደ ማይክሮፊልም ሲገለበጥ 500 ጥቅል ገደማ ፈጀ። ዛሬ የሚገኘው በስሚዝሶንያን ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ መዛግብት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ «አንብበን ጠቃሚውን እናስቀር» የሚል ሰው በመሐል ቢገባ ምን ይጥል ነበር? ሲመስለኝ መጀመሪያ የሚጥለው የተደጋገመውን ነው። ሃሪንግተን አንዱን ቃል ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ደጋግሞ ይጽፋል። አያትን ጠይቆ ልጅን ይጠይቃል፣ ልጅን ጠይቆ የልጅ ልጅን። በሳንታ ባርባራ አካባቢ ይነገር በነበረው በቹማሽ ቋንቋ ላይ ከሉዊሳ ኢግናሲዮ፣ ከልጇ ከሉክሬሲያ ጋርሲያ፣ ቀጥሎም ከልጅ ልጇ ከሜሪ ዪ ጋር ሠርቷል። ሜሪ ዪ በኋላ ቋንቋዋን ራሷ መጻፍ ተምራ ደብተር ያዘች። በ1965 ስታርፍ ያን ቋንቋ ከእናቱ ሥር ሆኖ የተማረ ሌላ ሰው አልቀረም። ሦስት ትውልድ ያንኑ ቃል ሲል የምታይው በዚያ «ድግግሞሽ» ውስጥ ነው።

ሙትሱንም አለ፤ የዚያው የካሊፎርኒያ ቋንቋ ነው። አስንሲዮን ሶሎርሳኖ የተባሉ አሮጊት ሃሪንግተንን ሲያስጽፉት ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። በ1930 ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገር አልተገኘም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሙትሱን ሰዎች ራሳቸው ወረቀቱን እያነበቡ ቋንቋውን መማር ጀመሩ። በ2016 መዝገበ ቃላት ወጣ። በርክሌይ ውስጥም ነባር ሕዝቦች ከእንዲህ ያሉ መዛግብት ቋንቋቸውን መልሰው የሚማሩበት ዐውደ ጥናት አለ። እዚያ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ሰዋስው ብቻ አይደለም። የቅድመ አያቱን ስም ይፈልጋል። ስሙ ያለው ካርዱ ጥግ ላይ ነው።

ስለ ሃሪንግተን ሳወራ ሰው ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንዱ ቅዱስ ያደርገዋል፣ ሌላው እብድ። ለእኔ ሁለቱም አይደለም። ለወረቀቱ ታማኝ ነበር፤ ከሰው ግን ራሱን ቆርጦ ነበር። የዚህ ዕዳው የወደቀው ከእሱ በኋላ በመጡት ላይ ነው። አጭር ምልክቱን የሚያስረዳ ደቀ መዝሙር አልነበረውም። ኪዳነ ወልድ ግን ደስታ ተክለ ወልድ ነበሩላቸው።

አሁን ሥራው። ካርቶኖቹን ከመክፈትሽ በፊት ክፍሉን እንዳለ ፎቶ አንሺ። የትኛው ካርቶን የት እንደነበረ ይታይ። ከዚያ ካርቶኖቹን ቁጥር ስጫቸው፤ በእርሳስ፣ በእስክሪብቶ አይደለም። ለእያንዳንዱ አንድ ወረቀት ላይ ምን እንዳለበት በሁለት መስመር ጻፊ። «ካርዶች፣ በላስቲክ የታሰሩ፣ ደብዳቤ አለበት» ይበቃል። ደብዳቤውን ከፖስታው አትለዪው። ፖስታው ላይ ማኅተም፣ ቀንና አድራሻ አለ፤ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ቀን ከሌለው የሚያወጣን እሱ ነው። የዛገ አግራፍ ካለ ወረቀቱን ሳትቀጂ ቀስ ብለሽ አውጪ። ላስቲኩ ደርቆ የሚሰባበር ከሆነ እስሩን በወረቀት ጠቅልለሽ በጥጥ ክር እሰሪው። እስሩ ግን እስር ሆኖ ይቅር።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። አጎትሽን የሚያውቁ፣ አብረዋቸው የዞሩ፣ ቃል ያስጻፏቸው ሰዎች በሕይወት ካሉ አሁኑኑ ሂጂና ጠይቂያቸው። ካርዱ ላይ ያለው ሁለት ፊደል የማን ስም እንደሆነ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ወረቀቱ ዓመት ሊጠብቅሽ ይችላል። ሰው ግን አይጠብቅም።

ቤት ማቆየት ካልቻላችሁ ተቋም አለ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። አንድ ላይ ይቀመጣል ወይስ መጽሐፉ ወደ አንድ ክፍል፣ ደብዳቤው ወደ ሌላ ይበተናል? ዝርዝር ይወጣለታል? ማን ማየት ይችላል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፣ የተፈረመ ይሁን። የማውቀው አንድ ቤተሰብ የአባቱን ደብተሮች ለአንድ መሥሪያ ቤት ያለ ደረሰኝ አስረክቦ ነበር። በኋላ ሲጠይቅ «የተረከበው ሰው ተዛውሯል» ተባለ። ደብተሮቹ የት እንደገቡ እስካሁን ይፈለጋሉ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ስላጠናው ስለ ቮልፍ ሌስላው ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ «የሥራዎቹን ዝርዝር አትደርድርልኝ፣ ከማን ጋር እንደሠራ አሳየኝ» አሉኝ። የሙያ ግንኙነት የሚባለውን ከየት ነው የማገኘው? መጻሕፍቱ ላይ ስለ ግንኙነት ብዙ አልተጻፈም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አማካሪህ ጎበዝ ናቸው። መጻሕፍቱ ላይ የለም ያልከው ግን ልክ አይደለም። አለ፤ አንተ ስትዘልለው ነው። መቅድሙን አንብብ። ምስጋናው ላይ ማን እንደተጠቀሰ፣ በምን ተራ እንደተጠቀሰ እይ። አንዳንድ ሰው በ1950ዎቹ በሰፊው ይመሰገናል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ስሙ አይነሳም። እዚያ መሐል ላይ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ሌስላውን በተመለከተ ሰንሰለቱ ያስደንቃል። በ1906 ፖላንድ ውስጥ፣ ክሼፒሴ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቪየና ተማረ፣ ከዚያ ፓሪስ ሄደ። ፓሪስ ላይ መምህሩ ማርሴል ኮኸን ነበር፤ በ1910 እና 1911 ኢትዮጵያ መጥቶ ያጠናው፣ በ1936 ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው ያወጣው ሰው። ኮኸን የአንቷን ሜየ ተማሪ ነው። ሜየ ደግሞ የዘመናዊ የቋንቋ ጥናት አባት የሚባለው ፌርዲናን ደ ሶሲር ፓሪስ ሲያስተምር እግሩ ሥር የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ከጄኔቫው ሶሲር እስከ ጉራጌ ድረስ አራት ሰው ነው። ይህን ሰንሰለት በአንድ ገጽ ብትሥለው ጽሑፍህ ግማሹ ተሠራ።

ሶሲርን ካነሳን፣ ስለ ወረቀት እሱም የሚነገር ታሪክ አለው። በ1913 ሲሞት ስሙን ያስጠራውን መጽሐፍ አልጻፈም ነበር። በ1916 የወጣው ባልደረቦቹ ሻርል ባሊና አልቤር ሴሽኤ ከተማሪዎች ደብተር አጠናቅረው ያዘጋጁት ነው። ሁለቱም እነዚያን ትምህርቶች ተቀምጠው አልሰሙም። ከዚያ በ1996 የቤተሰቡ ቤት ውስጥ፣ ጄኔቫ፣ የብርቱካን ዛፎች ከብርድ በሚጠበቁበት ክፍል የራሱ የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። በ2002 ታተመ። ከ80 ዓመት በላይ ዓለም ሲከራከርበት የኖረው የሌላ ሰው ደብተር ነበር።

ወደ ሌስላው እንመለስ። አይሁዳዊ ስለነበር በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ካምፕ ታሰረ። በ1942 ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገባ። ከ1955 ጀምሮ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ2006፣ 100 ዓመት ሞልቶት ዐረፈ። ያን ያህል የኖረ ሰው የሙያ ግንኙነቱ ሦስት ትውልድ ነው። መምህራን፣ እኩዮችና ተማሪዎች ብለህ ብትከፍል ይቀልሃል። ቋንቋውን ያስተማሩትን ኢትዮጵያውያን ግን ከመምህራኑ ጋር አስቀምጥ፤ በግርጌ ማስታወሻ አትጣላቸው።

ጋፋትኛ የተባለውን የጠፋ ቋንቋ ምሳሌ አድርገህ ውሰድ፤ ለአንድ ምዕራፍ ይበቃሃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር በነበረበት ጊዜ መኃልየ መኃልይን በተለያዩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወስዷል። አንዱ ጋፋትኛ ነው። ያ ጽሑፍ ኦክስፎርድ፣ ቦድልያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። በ1840ዎቹ ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ጥቂት ቃላት ሰበሰበ፤ ያኔ ራሱ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት አስቸግሮት ነበር። ሌስላው የኦክስፎርዱን ጽሑፍ መሠረት አድርጎ በ1945 ስለ ጋፋትኛ መጽሐፍ አወጣ። የሞተ ቋንቋ ላይ የሠራ መስሎት ይሆናል። በ1947 ግን ፈልጎ ፈልጎ የሚናገሩት አራት ሰዎች አገኘ። በ1956 በእነሱ ላይ የተመሠረተውን ጥናት በፈረንሳይኛ አሳተመ። ጎንደር ቁጭ ብሎ የተረጎመው ሊቅ፣ ብሩስ፣ የኦክስፎርድ መዝገብ ያዦች፣ ቤክ፣ አራቱ ተናጋሪዎች። ይህም የሙያ ግንኙነት ነው፤ አብዛኞቹ ተያይተው ባያውቁም።

ጠብንም አትፍራ። ሮበርት ሄትስሮን ኢየሩሳሌም ውስጥ የሃንስ ያኮብ ፖሎትስኪ ተማሪ ነበር፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በሌስላው ሥር ዶክትሬቱን ሠራ። በ1972 ባወጣው መጽሐፍ ጉራጌ የሚባሉት ቋንቋዎች አንድ ቤተሰብ አይደሉም፣ ስልጢኛና ዛይኛ ከሐረሪ ጋር ይሄዳሉ ብሎ ተነሳ። ሌስላው ደግሞ በ1979 ሦስት ቅጽ የጉራጌ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ሁሉንም አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው። ተማሪ ከመምህሩ ሲለይ ማየት ከመቶ የምስጋና ገጽ ይበልጥ ያስተምራል። ለእኔ ሄትስሮን የተሻለ ነገር ያየ ይመስለኛል፤ ግን ያየው ሌስላው በሰበሰበው ላይ ቆሞ ጭምር ነው።

አሁን መዛግብት። የአንድን ሊቅ ደብዳቤ የምትፈልገው በእሱ ወረቀት ውስጥ ብቻ ከሆነ ግማሹን ታጣለህ። በእሱ ዘንድ ያለው የመጣለት ነው። የላከው ሌላ ሰው ጋ ነው። የካርቦን ቅጂ የሚያስቀር ጠንቃቃ ሰው ካልሆነ በቀር። የቋንቋና የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንቱ ኤድዋርድ ሳፒርና አልፍሬድ ክሮበር የተጻጻፉት ደብዳቤ በ1984 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ የሁለቱም ወገን ስለተገኘ ነው እንደ ጨዋታ የሚነበበው። የአንዱ ብቻ ቢሆን ስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ እንደመቀመጥ ነበር። ስለዚህ የሌስላውን ጓደኞች፣ ተማሪዎችና ተከራካሪዎች ዘርዝር፤ ከዚያ የእነሱ ወረቀት የት እንዳለ ፈልግ።

ለእሱ ክብር የተዘጋጁ መድበሎችም አሉ፤ አንዱ በ1983፣ አንዱ በ1991 ወጥቷል። ማን እንደጻፈ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልጻፈ ተመልከት። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች የመጀመሪያዎቹን ቅጾችም አገላብጥ፤ ሮም በ1959፣ ማንቸስተር በ1963፣ አዲስ አበባ በ1966። የተሳታፊ ዝርዝር አሰልቺ ይመስላል። ማን ከማን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ የሚነግርህ ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ተቀዷል። በስኮች ልለጥፈው ወይስ ላሚኔት ላስደርገው?

መልስ፦ ሁለቱንም ተዉት። ስኮቹ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ቀለሙን ያደበዝዛል። ላሚኔት ደግሞ በሙቀት የሚጣበቅ ስለሆነ መመለሻ የለውም። የተቀደደውን ቁራጭ ከዋናው ጋር አንድ ንጹሕ ወረቀት ውስጥ አስገብተው ያስቀምጡ። ደረቅ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይሁን። ከጣሪያ ሥር አይሁን፣ ወለል ላይም አይሁን። ፎቶ ያንሱት፤ ፎቶ አነሳሁ ብለው ግን ዋናውን አይጣሉ። እርሳስ የተፋቀበት፣ ቀለም የተለወጠበት፣ በወረቀቱ ጀርባ የሰመጠው ምልክት በፎቶ ላይ አይታይም።

ጥያቄ፦ ሟቹ የቋንቋ መምህራችን ከውጭ አገር ምሁራን ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች እጃችን ላይ አሉ። ልናሳትማቸው እናስባለን። ፈቃድ ያስፈልጋል? አንዳንዱ ውስጥ ሰው የሚያሳማ ነገርም አለ።

መልስ፦ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው የተላከለት ሰው የወረቀቱ ባለቤት ነው። ቃሉ ግን የጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ መምህራችሁ የጻፉትን ለማሳተም ወራሾቻቸውን፣ ለእሳቸው የተጻፈላቸውን ለማሳተም ደግሞ ጸሐፊዎቹን ወይም ወራሾቻቸውን መጠየቅ አለባችሁ። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የአመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ውጭ አገር ብዙ ቦታ ጊዜው 70 ነው። ማንበብና ጠቅሶ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ሙሉውን ማተም ሌላ ነው። ከማተማችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ስለ ሐሜቱ፦ አትቁረጡት፣ አታጥፉትም። ሊቃውንት በደብዳቤ ይጎነታተላሉ፤ የማን መጽሐፍ እንደማያምኑና ለምን እንደማያምኑ የምናውቀው ከዚያ ነው። ነገር ግን የሰው ሕመም፣ የትዳር ነገር፣ በሕይወት ያለ ሰው የሚያፍርበት ጉዳይ ካለ ያን ደብዳቤ በፖስታ አሽጉና ላዩ ላይ «እስከዚህ ዓመት አይከፈት» ብላችሁ ዓመቱን ጻፉ። ቤተ መዛግብት እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ይቀበላሉ። ስታስረክቡ የታሸጉትን ብዛት በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።